የደቻቱ ልጆች በሃሪኬን አገር

ሂዩስተንም ፍሎሪዳም ያላችሁ የድሬ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? ክረምት ነው። እኛ እዚህ ድሬዳዋ የደቻቱን ወንዝ እንጠብቃለን፣ እናንተ ደግሞ ሃሪኬንን፣ ያን ከባሕር የሚመጣውን ኃይለኛ አውሎ ነፋስ።

ደቻቱን ታውቁታላችሁ። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ኳስ ተጫውታችሁበታል፤ ከከዚራ ወደ መጋላ በእግር ተሻግራችሁታል። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. በሌሊት መጥቶ ግን ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ውሃው የወረደው ከደጋው ነው። ስለዚህ የድሬ ሰው በራሱ ሰማይ ብቻ አይታለልም፤ «ላይ ዘንቧል ወይ?» ይላል። እናንተም እንዲሁ ጠይቁ አቦ፤ ማዕበሉ የሚያልፍበት ባሕር ምን ያህል ሞቋል?

ሃሪኬን ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ ባሕር ከሚነሳው እንፋሎት ነው። ውሃው 26.5 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ ብዙውን ጊዜ አይፈጠርም። የላዩ ሙቀት ብቻ ግን አይበቃም። ግቢ ውስጥ ያለውን በርሜል አስታውሱ። ቀትር ላይ ከላይ በጣሳ ስትቀዱ ገላ መታጠቢያ የሚሆን ሙቅ ነው። እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ብትከቱት ታቹ ቀዝቃዛ ነው። ካማሰላችሁት ሙቁ ጠፋ። አውሎ ነፋስም ባሕሩን ያማስላል። ሙቁ ውሃ ስስ ከሆነ ቀዝቃዛውን ከታች አውጥቶ ራሱን ያደክማል፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ ከሆነማ ይብስበታል። ሙቁ ውሃ ጥልቅ ከሆነ ግን ቢያማስለውም የሚወጣለት ያው ሙቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እንዲህ ያለ ጥልቅ ሙቅ ውሃ ላይ ደረሰች። በአንድ ቀን ገደማ ከካታጎሪ (ከ1 እስከ 5 ያለው የሃሪኬን ደረጃ) 3 ወደ 5 ወጣች። በ2023 የሜክሲኮዋን ከተማ አካፑልኮን የመታው ኦቲስ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ሃሪኬን እንኳ አልነበረም፤ ካታጎሪ 5 ሆኖ ገባ። ከላይ የሚነፍሰው ነፋስ ማዕበሉን ሊበትነው ይችላል፣ እሱም ይቆጠራል። ግን መንገዱ ላይ ጥልቅ ሙቅ ውሃ አለ ከተባለ «ገና 1 ነው» ብላችሁ አትተኙ። ቤንዚን በጊዜ ሙሉ፤ ውጡ ከተባላችሁ ውጡ።

ካታጎሪ የሚለካው ነፋሱን ብቻ መሆኑን እኔ የተማርኩት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ሃሪኬን አይክ ሲመጣ ሂዩስተን ነበርኩ። «2 ብቻ ነው» ብዬ ተኛሁ። ባሕሩ ጋልቨስተን ላይ ቤት ለቤት ገባ። እኔ ዘንድ መብራት ጠፍቶ ስንት ቀን ቆየ! ከድሬ የተላከልኝ ቅቤ ፍሪዘር ውስጥ ቀልጦ ወለሉ ላይ ሲፈስ፣ ሽታው እስከ ደረጃው ድረስ ሄዶ ጎረቤት አንኳኳብኝ። እሱን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሌላ ነገር፤ አሜሪካ ውስጥ ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። የጎርፉ ለብቻው ይገዛል፤ የመንግሥቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው። ማዕበሉ ስም ከወጣለት በኋላ መሮጥ ዋጋ የለውም።

ፓስፖርቱንና የቤቱን ወረቀት በፌስታል ጠቅልላችሁ መኪና ውስጥ አድርጉት። ስልኩም ባትሪ ሳይጨርስ ወደ ድሬ ደውሉ፤ እዚህ እናቶቻችሁ ቴሌቪዥኑ ላይ ካርታውን እያዩ ቁጭ ብለው ነው የሚያድሩት።