ወረቀት አጥፎ መኖር ይቻላል ወይ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ደሴ ነው። በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሥራ ግን አላገኘሁም። ቤት ስቀመጥ ዩቲዩብ እያየሁ የመልካም ምኞት ካርድ መሥራት ጀመርኩ። ትንንሽ ወረቀቶችን አጥፌ እርስ በርስ እያያያዝኩ የአበባና የኮከብ ቅርጽ አወጣና ካርዱ ላይ እለጥፋለሁ። አንዱን ለመሥራት አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል። ለጓደኞቼ በ50 ብር ሸጬላቸዋለሁ። ወረቀቱ 12 ብር ስለሚወስድ 38 ብር አተርፋለሁ። ላሊበላ ያለ አንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ‹የቻልሽውን ያህል አምጪ፣ ሲሸጥ እከፍልሻለሁ› ብሎኛል። አባቴ ካጠራቀመው ሊሰጠኝ ስለፈቀደ ፒያሳ ትንሽ ሱቅ ልከራይ አስቤያለሁ። ወንድሜ ግን ‹ይሄ የሕጻን ጨዋታ ነው፣ ተይውና ሥራ ፈልጊ› ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አብሽሪ። ሁለት ዓመት ያለ ሥራ መቀመጥ ይከብዳል፤ አንቺ ግን እጅሽን አጣጥፈሽ አልተቀመጥሽም። የላክሽልኝን የካርዶቹን ፎቶ አይቻለሁ። ሥራሽ ንጹህ ነው። ይሄን የምለው ላስደስትሽ ብዬ አይደለም።

ወንድምሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። የሕጻን ጨዋታ መሆኑ እውነት ነው። ጳጉሜን ላይ አበባና መልአክ ስሎ፣ መስከረም 1 ቀን በየቤቱ «እንኳን አደረሳችሁ» እያለ የሚያድል ልጅ በዚህች አገር የመጀመሪያው የካርድ ነጋዴ ነው። ወንድምሽም በልጅነቱ በዚሁ ሳንቲም ሳይለቅም አልቀረም። ጠይቂው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አካውንቲንግ ተምረሽ 38 ብር አተረፍኩ ማለትሽ ትንሽ አስገርሞኛል። ጉልበትሽ የት ሄደ? ፖስታውስ? ኮላው፣ ተበላሽቶ የተጣለው ወረቀት፣ የታክሲው? እነዚህን ሁሉ እንርሳቸውና ያንቺን ቁጥር እንውሰድ። በቀን ስምንት ሰዓት ብትሠሪ ስምንት ካርድ ነው፤ 304 ብር። ያውም ስምንቱም በዚያው ቀን ከተሸጡ ነው። በዓል በሌለበት ወር ደሴ ውስጥ በየቀኑ ስምንት ካርድ የሚገዛ ሰው ከየት ይመጣል? በዚህ ሒሳብ የፒያሳ የሱቅ ኪራይ አይከፈልም። ስለዚህ ሱቁን እርሺው። የአባትሽም ገንዘብ ባለበት ይቀመጥ።

ይሄን ስልሽ ግን ሥራውን ተይው ማለቴ አይደለም። በእኔ እምነት ችግሩ ካርዱ ላይ ሳይሆን አሸጣጡ ላይ ነው። አንድ በአንድ ሠርተሽ ገዢ ከመጠበቅ ትዕዛዝ ተቀበይ። ሰርግ አለ፣ ምርቃት አለ፣ ክርስትና አለ፣ ልደት አለ። ወሎ ውስጥ ደግሞ የበዓል ሰው አይጠፋም፤ ገናና ፋሲካው፣ ሁለቱ ኢዶችና መውሊዱ አሉ። ጥር የሰርግ ወር ነው። ከፋሲካ በኋላም ሰርግ ይበዛል። የሙስሊሙ ሰርግ ረመዳንን ይሸሻል እንጂ ሌላውን ወር ያዳርሳል። አንድ የሰርግ መጥሪያ ትዕዛዝ 150 ካርድ ቢሆን፣ ለጓደኞችሽ በዓመት ከምትሸጪው ሊበልጥ ይችላል።

ግን ተጠንቀቂ። አሁን የምትሠሪው የአበባ እጥፋት ከሆላንድ የመጣ ነው። እዚያ ሲጀመር የሻይ ከረጢት መጠቅለያ ወረቀት እያጠፉ ነበር የሚሠሩት። ስምንት ተመሳሳይ ቁራጮች ይታጠፉና አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል። ያምራል፤ ጊዜ ግን ይበላል። 150 ካርድ በዚህ ዓይነት ብትሠሪ 150 ሰዓት ነው፤ በቀን ስምንት ሰዓት እየሠራሽ 19 ቀን ገደማ ሊወስድብሽ ነው። ሙሽራ ይሄን ያህል አይጠብቅሽም።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ካርድ ይኑርሽ። አንደኛው ባለ አበባው ነው። በቁጥር ጥቂት፣ በዋጋ ውድ ይሁን፤ ለሙሽሮቹ ወላጆች ወይም ለክብር እንግዳ ይሆናል። ሁለተኛው ፈጣን ነው። ከግራና ከቀኝ መሐል ላይ የሚገናኝ፣ እንደ በር የሚከፈት እጥፋት ሥሪ። ወይም እንደ ማራገቢያ እየተመላለሰ የታጠፈ ቁራጭ ከላይ ጣል አድርጊበት። እጅሽ ሲለምድ አንዱ በ10 ደቂቃ ያልቃል ብንል፣ 150ው በ25 ሰዓት ይጠናቀቃል። አንዱን ጨርሰሽ ወደ ሌላው አትሂጂ። መጀመሪያ ሁሉንም ቁረጪ፣ ከዚያ የሚታጠፉበትን መስመር ሁሉም ላይ አስምሪ፣ ከዚያ ሁሉንም እጠፊ፣ በመጨረሻ ለጥፊ። ጊዜው የሚተርፈው እዚህ ላይ ነው።

ፎቶው ላይ አንድ ነገር አይቻለሁ። ካርዱ የታጠፈበት መስመር ላይ ተሰነጣጥቋል። ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። ወረቀት እንደ እንጨት የጭረት አቅጣጫ፣ ማለትም ቃጫዎቹ የተጋደሙበት አቅጣጫ አለው። ጠንከር ያለውን ወረቀት በእጅሽ በሁለቱም በኩል ቀስ ብለሽ አጉብጪው፤ በቀላሉ የሚጎብጠው በጭረቱ አቅጣጫ ነው። እጥፋትሽም በዚያው መሄድ አለበት። በተቃራኒው ካጠፍሽው፣ በተለይ ክብደቱ በካሬ ሜትር ከ200 ግራም በላይ የሆነው፣ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ምክንያት ሳያሰምሩ ማጠፍ ነው። ቀለም የጨረሰ እስክሪብቶና ማስመሪያ ይበቃሻል። መስመሩን ጫን ብለሽ ጎትቺ፣ ከዚያ እጠፊ። ለአበባዎቹ ግን ስስ ወረቀት ይሻላል፤ የተለመደው 80 ግራም የቢሮ ወረቀት በቂ ነው።

መጠንም አለ። ካርድ ሠርተሽ ፖስታ ከመፈለግ፣ ፖስታውን ገዝተሽ ካርዱን በልኩ ሥሪ። ኤ4 ወረቀት ለሁለት እኩል ተቆርጦ እያንዳንዱ ሲታጠፍ ኤ6 መጠን ያለው ካርድ ይወጣዋል፤ እሱም ሲ6 የሚባለው ፖስታ ውስጥ ልክ ይገባል። አበባው ከፍ ብሎ ከተለጠፈ ፖስታው እንዳይጨፈልቀው ሞክሪው። የደሴን ክረምት ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። በዚያ እርጥበት ኮላ ቶሎ አይደርቅም፣ ወረቀትም ይጎብጣል። ኮላውን ስስ አድርገሽ ቀቢው፤ ካርዱን ከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድሪው።

በነገራችን ላይ የእጥፋት ሥራ ለወሎ የሚመች አንድ ጠባይ አለው። ሥዕል የለበትም። ያው ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ የኢድ ካርድ ላይም የገና ካርድ ላይም ያምርበታል። ከላይ የሚጻፈው ብቻ ይቀየራል። የቁርዓን አንቀጽና የቅዱሳንን ሥዕል ግን ካርድ ላይ አታድርጊ። ካርድ ይወድቃል፣ ይረገጣል፣ ይጣላል፤ ሰው ቅር ይለዋል። «ኢድ ሙባረክ»፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ይበቃል።

ወደ ላሊበላው ሱቅ ልምጣ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ካርድ ቀላል ነው፤ ቱሪስት መጽሐፉ ውስጥ ከትቶ ይሄዳል። የቤተ ጊዮርጊስን ጣሪያ ታውቂዋለሽ፤ መስቀል በመስቀል ውስጥ የተቀረጸበት ነው። ሦስት ወረቀት ደራርበሽ ያንን ብታወጪው ከተራ አበባ ይልቅ ይፈለጋል። ነገር ግን ለገና ላሊበላ የሚጎርፈውን ሕዝብ አይተሽ አትቁጠሪ። አብዛኛው ምዕመን ነው፤ ስንቁን ይዞ በእግሩ የመጣ ካርድ አይገዛም። የሚገዛው ሆቴል ያረፈው እንግዳ ነው፤ እሱ ደግሞ ከኮሮናና ከጦርነቱ ወዲህ ሳስቷል። መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ስለዚህ «የቻልሽውን ያህል አምጪ» የሚለው ቃል አያጓጓሽ። ዕቃው ያንቺ፣ ኪሳራውም ያንቺ ነው። ከ20 በላይ አትስጪ። ስንት እንደሰጠሽ፣ በስንት ብር እንደሚሸጥ፣ የእሱ ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደምትተሳሰቡ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። የመጀመሪያው ሒሳብ ሳይዘጋ ሁለተኛ ዙር አይሂድ።

ለሰርግ ትዕዛዝም ያለ ቀብድ ወረቀት አትቁረጪ፤ ግማሹን በቴሌብር ይላኩልሽ። የስም አጻጻፉንና ቀኑን ራሳቸው ጽፈው ይላኩ፤ አንድ ፊደል ቢሳሳት 150ውም ድጋሚ ነው።

ሥራ ፍለጋውን አታቁሚ። በሳምንት ሁለት ቀን ለማመልከቻ፣ ቀሪው ለካርድ ይሁን። የትዕዛዝ፣ የወጪና የገቢ መዝገብ ከዛሬ ጀምሮ በኤክሴል ያዢ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ሁለት ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር?» ሲሉሽ የራስሽን ሒሳብ የያዝሽበትን ፋይል ታሳያለሽ። ማተሚያ ቤቶችም ማመልከቻ አስገቢ፤ ወረቀት የሚያውቅ የሒሳብ ሠራተኛ በየቦታው አይገኝም። ኮምቦልቻ ድረስ ተመላልሶ መሥራት ከቻልሽ እዚያ ያሉትን ፋብሪካዎችም አትርሺ።

ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሰፈር ልጆችን ሰብስበሽ ማስተማርም ያዋጣ ይሆናል። ለሰዓትሽ የሚከፍሉሽ ወላጆች ናቸው፤ ካርዱ ተሸጠ አልተሸጠ አያሳስብሽም። እኔ ብሆን ከዚህ እጀምር ነበር።

የንግድ ፈቃዱን ነገር ከወዲሁ ጠይቂ። ባንክ ወይም ሆቴል የበዓል ካርድ ሲያዝዝ ደረሰኝ ይፈልጋል፤ ያለ ቲን ቁጥርና ያለ ፈቃድ ትልቁ ትዕዛዝ ያመልጥሻል። በክፍለ ከተማሽ ጥቃቅንና አነስተኛ ያሉትን ሰዎች አነጋግሪ። በእጅ ሥራ ዘርፍ ምን ድጋፍ እንዳለ፣ መሥሪያ ቦታ ይሰጡ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ስትሄጂ ከነፖስታው የተዘጋጁ አምስት ካርዶች ይዘሽ ሂጂ።