ነገረ መለኮት የዕውቀት ዘርፍ ነው ወይ ለምትሉ ልጆች

አምስት ኪሎ ኢንጂነሪንግ የምትማሩ፣ ስድስት ኪሎ ፍልስፍና የምታነቡ፣ አራት ኪሎ ሥላሴ ኮሌጅ የገባችሁ፣ ጥያቄያችሁ አንድ ነው፤ ነገረ መለኮት በእውነት ዕውቀት ነው ወይስ ያመኑትን በከባድ ቃል መድገም? መጠየቃችሁ ነውር የለውም። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትልቁን ሥራውን የከፈተው ይህንኑ ጠይቆ ነው። መልሱም ዜማ መነሻውን ከሒሳብ ተቀብሎ እንደሚሠራ ሁሉ ነገረ መለኮትም መነሻውን ከመገለጥ ይቀበላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የማስረዳት ሥራ ነው የሚል ነበር። ይህ ግማሽ መንገድ ያደርሳል። መነሻውን የተቀበለ ሰው መሳሳቱን በምን ያውቃል የሚለው ግን ይቀራል።

እኔ የምለካው በዚህ ነው፤ የራስን ወገን የሚጎዳ ማስረጃ ሲመጣ ተቀብሎ የሚያርም ትምህርት ዕውቀት ነው። ነገረ መለኮት ይህን አድርጓል። አንዱን በዝርዝር ላሳያችሁ።

በብዙ የቆዩ የአውሮፓ ትርጉሞች 1ኛ ዮሐንስ 5፥7 በሰማይ የሚመሰክሩ ሦስት እንደሆኑ፣ እነርሱም አብ፣ ቃልና መንፈስ ቅዱስ እንደሆኑ፣ ሦስቱም አንድ እንደሆኑ ይናገራል። ለምሥጢረ ሥላሴ ከዚህ የጠራ ጥቅስ አይገኝም። ነገር ግን ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፊት በተጻፈ የግሪክ ብራና ዋና ንባብ ውስጥ የለም። ቀድሞ የሚታየው በላቲን ነው፤ ያውም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ። ከዚህም የሚከብደው የአባቶች ዝምታ ነው። አትናቴዎስ ከአርዮሳውያን ጋር ያን ያህል ዘመን ሲከራከር አልጠቀሰውም። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ስለ መንፈስ፣ ስለ ውኃና ስለ ደም የሚናገረውን ቀጣዩን ቁጥር ሲያብራራ እንኳ አላነሣውም። እጃቸው ላይ ቢኖር ኖሮ ዝም ባላሉ ነበር።

የሆላንዱ ሊቅ ኤራስመስ የግሪኩን አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1516 እና በ1519 ሲያሳትም ይህን ንባብ ተወው። ተቃውሞ በዛበት፤ ንባቡ ያለበት በዚያው ዘመን የተጻፈ አንድ የግሪክ ቅጂ ቀረበለት፤ በ1522 እትሙ አስገባው። የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1897 የንባቡን እውነተኛነት መካድ አያስተማምንም ብላ ወሰነች፤ በ1927 ግን ሊቃውንት መርምረው የተለየ ሐሳብ እንዲይዙ ፈቀደች። ዛሬ በአዳዲሶቹ ትርጉሞች ዋና ንባብ ውስጥ የለም። የ1954ቱን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብትገልጡም ቁጥር 7 ላይ የምታገኙት የሚመሰክረው መንፈስ መሆኑን ብቻ ነው።

ይህን ጥቅስ ከመረመሩትና ከተዉት ብዙዎቹ በሥላሴ የሚያምኑ ናቸው። ለሚያምኑበት ነገር የሚረዳቸውን ማስረጃ ሐሰት ሆኖ ስላገኙት ጣሉት። እዚህ ላይ ተማሪ በሁለት ወገን ይወድቃል። አንዱ እምነት እንዳይናጋ ብሎ ነገሩን ይሸሽጋል። ሌላው ጥቅሱ ኋላ የገባ ከሆነ ትምህርቱም ኋላ የተፈጠረ ነው ብሎ ይቸኩላል። የአትናቴዎስም ሆነ የባስልዮስ ክርክር ግን በዚህ ቁጥር ላይ አልቆመም፤ ቁጥሩ ቢወጣም ክርክራቸው እንዳለ ይቆያል፤ መመርመር ያለበትም በራሱ ነው። የንባብን ጥያቄ፣ የታሪክን ጥያቄና የእምነትን ድምዳሜ ለይቶ መያዝ የዚህ ትምህርት ዋና ሙያ ነው።

በእኛም ጉባኤ ቤት ይህ ሙያ አለ። የመጻሕፍት መምህር ንባቡን ያስነብባል፣ ይተረጉማል፣ ከዚያ «አንድም» እያለ ሁለተኛና ሦስተኛ ፍች ያክላል፣ በጥቅስና በታሪክ ያስደግፋል። የቀደመውን ፍች ሳይፍቅ አዲሱን አጠገቡ ያኖራል፤ ይህን ሀብት በዋዛ አትዩት። የሚበላሸው ተማሪው አምስቱን አንድምታ በቃሉ ይዞ የቱ ከንባቡ ጋር እንደሚሄድ ሳይጠይቅ ሲቀር ነው። የኔታ፣ የትኛው ያደላል፣ በምን ምክንያት ብላችሁ ጠይቁ። በትሕትና የተጠየቀ ጥያቄ ድፍረት አይደለም።

ሌላው የሚያበላሸው ክርክርን በሥልጣን መዝጋት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን በትምህርት የተለያዩት የቅብዐት፣ የጸጋና የተዋሕዶ ሊቃውንት በሐዋርያት ሥራ 10፥38 ላይ፣ ቅባቱ ለክርስቶስ ምን አደረገለት በሚለው ላይ፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በረቀቀ መንገድ ተከራክረዋል። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤው የተዘጋው በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሥልጣን ነው። ውሳኔው ትክክል ነው ብላችሁ ብታምኑ እንኳ የተረቱትን ክርክር በራሳቸው አንደበት አጥኑ። ያለዚያ የረቺውንም ነጥብ አትረዱትም።

እንግዲህ መማር የምትፈልጉ ከግዕዝ ጀምሩ። ስምንቱን የግሥ አርእስት፣ ማለትም ሌሎቹ ግሦች በአምሳያቸው የሚረቡባቸውን፣ ከቀተለ እስከ ጦመረ ሳታረቡ ስለ ባሕርይና ስለ አካል አትከራከሩ። ሁለተኛውን ቋንቋ የምትመርጡት በምታጠኑት መጽሐፍ ነው። ቄርሎስ የተባለው የአባቶች ጽሑፍ መድበል ከግሪክ የተመለሰ ስለሆነ ግሪክ ይጠይቃል፤ ሃይማኖተ አበው የተባለው መድበል ደግሞ ከዐረብኛ ስለመጣ ዐረብኛ። ብዙዎች ሁሉንም ባንድ ጊዜ ጀምረው በአንዱም አይዘልቁም።

በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ገጽ ጻፉ። ከላይ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩ ሦስት ጠንካራ ተቃውሞ፣ ቀጥሎ መልሳችሁን፣ መጨረሻ ላይ ለእያንዳንዱ ተቃውሞ ምላሽ። ከዚያ ከእናንተ የተለየ እምነት ላለው ወይም ጭራሽ ለማያምን ጓደኛ ስጡት። ተቃውሞውን ካየ በኋላ «እኔ የምለው ይህን አይደለም» ካለ ገጹ አልሠራም፤ እንደገና ጻፉት። ደካማው ተማሪ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ የባላጋራውን ሐሳብ ሳያውቅ መልስ ይሰጣል።

ብራና ማየትም አትተዉ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የኢትዮጵያ ብራናዎች ቅጂ ደግሞ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ብዙው በኢንተርኔት በነጻ ይታያል። የዮሐንስን 1ኛ መልእክት ምዕራፍ 5 ያዙ፤ 21 ቁጥር ብቻ ነው። ሁለት የግዕዝ ብራና ጎን ለጎን ገልብጡና ልዩነቱን መዝግቡ። በሁለት መስመር አንድ ዓይነት ቃል ስላለ የጸሐፊው ዓይን ዘሎ የጎደለውን፣ ከኅዳግ ወደ ውስጥ የገባውን፣ ሆን ተብሎ የታረመውን ለየብቻ አስፍሩ። የትኛው እንደሆነ ካልለያችሁም ሁለቱንም ንባብ ከነምክንያቱ ጻፉና ለመምህራችሁ አሳዩ።