ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ቢጫ ካርድ ካወጣን ወባ ምን ያስፈራናል?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ጥር ላይ እንጋባለን፤ ሁለት ወር ይቀረናል። ለጫጉላ ሽርሽር ኢንዶኔዥያ ውስጥ ራጃ አምፓት የሚባሉ ደሴቶች ላይ 12 ቀን ልንቆይ አስበናል። እጮኛዬ እዚያ ዳይቪንግ (የአየር ጋን ይዞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ) መማር ይፈልጋል። እኔ ቀለል ያለ አስም አለብኝ፤ አልፎ አልፎ ቬንቶሊን እጠቀማለሁ። ለወባ መድኃኒት እንውሰድ ወይ ስለው፣ «ቢጫ ካርድ ካወጣን ምን ያስፈራናል? ደግሞ እኔ የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ፣ ወባ ለምዶኛል። ካመመንም ኮአርተም ይዘን እንሄዳለን» አለኝ። እሱ አርባ ምንጭን ከለቀቀ 12 ዓመት ሆኖታል። ልጅ ቶሎ መውለድ እንፈልጋለን። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እህቴ፣ አስቀድሜ እንኳን ደስ ያለሽ። ሁለት ወር ሲቀርሽ መጠየቅሽም ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ሻንጣውን ከዘጋ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ልንረዳው የምንችለው ትንሽ ነው።

ከቢጫ ካርዱ፣ የቢጫ ወባ ክትባት መወጋታችሁን ከሚያሳየው ማስረጃ፣ ልጀምር፤ ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። «ቢጫ ወባ» የምንለው በሽታ ወባ አይደለም። በቫይረስ የሚመጣ፣ ጉበትን የሚጎዳ፣ ሌላ ዓይነት ትንኝ የምታስተላልፈው ሌላ በሽታ ነው። ወባ ግን የሚመጣው ደም ውስጥ ከሚራባ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ክትባቱ የሚከላከለው ቢጫ ወባን ብቻ ነው። እንዲያውም ቢጫ ወባ እስያ ውስጥ የለም። ኢንዶኔዥያ ካርዱን የምትጠይቀው እናንተን ለመጠበቅ ሳይሆን ራሷን ለመጠበቅ ነው። ኢትዮጵያ በሽታው ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ይዛችሁባት እንዳትገቡ ነው።

ስለዚህ ካርዱ የግድ ያስፈልጋችኋል። ክትባቱን ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተወጉ። አንዳችሁ ከዚህ በፊት ተወግታችሁ ካርዱ በእጃችሁ ካለ ድጋሚ መወጋት አያስፈልግም። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ አንድ ክትባት ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የድሮው ካርድ ላይ 10 ዓመት ቢል እንኳ።

አሁን ወደ ወባው። ራጃ አምፓት «አራቱ ነገሥታት» ማለት ነው ይባላል። ዋይጌዮ፣ ባታንታ፣ ሳላዋቲ እና ሚሶል የሚባሉ አራት ትልልቅ ደሴቶች አሉት፤ በዙሪያቸው ደግሞ ወደ 1,500 የሚጠጉ ትናንሽ ደሴቶች ተበትነዋል። የምድር ወገብ መስመር በመካከሉ ያልፋል። ቦታው ውብ ነው፤ መሄዳችሁን አልቃወምም። ግን ከኢንዶኔዥያ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ፓፑዋ አጠገብ ነው። ባሊ ሄደው የመጡ ጓደኞቻችሁ «እኛ ምንም አልወሰድንም» ሊሏችሁ ይችላሉ። ልክ ናቸው፤ የባሊ ዋና ዋና የቱሪስት ቦታዎች ወባ አያሰጉም። ምሥራቁ ግን ሌላ ነው። ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም የሚባሉት የወባ ዓይነቶች አሉ፤ ሁለቱም ክሎሮኪን የሚባለውን የቆየ የወባ መድኃኒት የተላመዱ ናቸው።

እጮኛሽ «ለምዶኛል» ያለውን እረዳለሁ። ወባ አገር ያደገ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያስበው። እውነቱ ግን ሰውነት ወባን በመጠኑ የሚቋቋመው በተደጋጋሚ ሲነከስና ሲያመው ነው። ያም ቢሆን በሽታውን ያቀልለታል እንጂ አይከለክለውም። ከአካባቢው ሲርቅ ደግሞ ያ መቋቋም እየሳሳ ይሄዳል። አሥራ ሁለት ዓመት ረጅም ነው። አንቺ ደጋ ላይ ያደግሽው ከመጀመሪያውም የለሽም። ለዚህ ጉዞ ሁለታችሁንም ወባ ይዟቸው እንደማያውቁ ሰዎች ነው የማያችሁ።

ኮአርተሙስ? ኮአርተም ጥሩ መድኃኒት ነው። ግን የሚያክመው የያዘውን ወባ ነው፤ እንዳይዝ አይከላከልም። ደግሞ ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም። እዚያ ዴንጊ የሚባል፣ በትንኝ የሚተላለፍ ሌላ የትኩሳት በሽታም አለ። ደሴት ላይ፣ በሌሊት፣ ያለ ላብራቶሪ ማን ይለይላችኋል? ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ ለክፉ ቀን ብትይዙት አልከፋም። በመከላከያው ፋንታ ግን አይሆንም። ትኩሳት ከመጣ ዴንጊ ሊሆን ስለሚችል አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አስፕሪን አትውሰዱ፤ ደም የማፍሰስ አደጋውን ያብሱታል። ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ከዚያ ቶሎ ወደ ምርመራ።

በደብዳቤሽ ላይ ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን መጨረሻ ላይ በአጭሩ ያለፍሽው ነገር ነው፤ «ልጅ ቶሎ መውለድ እንፈልጋለን» ያልሽው።

ነፍሰ ጡር ሴት ወባ ሲይዛት ከሌላው ሰው የበለጠ ይጠናባታል። ደሟ በጣም ሊያንስ ይችላል። ፅንሱ ሊወርድ ይችላል፤ ያለ ጊዜው ወይም ክብደቱ አንሶ ሊወለድም ይችላል። ለዚህ ነው ነፍሰ ጡር ሴቶች ወባ ወዳለበት አካባቢ ለሽርሽር ባይሄዱ የሚመከረው። ሙሽራ ስትሆኚ ደግሞ ችግሩ እርግዝናው መቼ እንደጀመረ አለማወቅሽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድምፅ የላቸውም። የወር አበባሽ ቀረ ብለሽ የምታስተውዪው ምናልባት እዚያው ደሴት ላይ፣ ወይም ከተመለስሽ በኋላ ነው።

ክትባቱም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው የሆነ፣ የተዳከመ ቫይረስ ነው። ለነፍሰ ጡር በተለመደው አሠራር አይሰጥም፤ ከተወጋሽ በኋላም ለማርገዝ አንድ ወር ብትጠብቂ ይመረጣል። ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትዪ በዚህ ሳምንት ተወጊ። ከባድ የእንቁላል አለርጂ ካለብሽ ለሚወጋሽ ባለሙያ ንገሪ። ሦስተኛው ጉዳይ ዚካ ነው። ይህ ቫይረስ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ተገኝቷል፤ ፅንስ ላይ የአንጎል ጉዳት ያመጣል፤ በግብረ ሥጋ ግንኙነትም ይተላለፋል። በዚህ ምክንያት ጥንቃቄ የሚመርጡ ጥንዶች ከጉዞ በኋላ እርግዝናን ያዘገያሉ። ሴቷ 2 ወር፣ ወንዱ 3 ወር ነው፤ አብራችሁ ስለምትሄዱ የምትቆጥሩት ሦስቱን ነው።

እንግዲህ ምርጫው ሁለት ይመስለኛል። ራጃ አምፓት የልባችሁ ሕልም ከሆነ ሂዱ፤ ልጁን ግን እስከ ግንቦት አቆዩት። እስከዚያ ኮንዶም ወይም ሐኪም የሚመርጥላችሁን ሌላ መከላከያ ተጠቀሙ። ከመሄድሽ በፊት አንድ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። ልጁ የሚቀድም ከሆነ ደግሞ ቦታውን ቀይሩ። ሲሼልስ ወባ የለም፤ ባሕሩም የዋዛ አይደለም። ዴንጊ እዚያም ስላለ ከትንኝ መጠንቀቁ ግን አይቀርም። እኔ ወንድምሽ ብሆን ምን እልሽ እንደነበር ከጠየቅሽኝ፣ ሂጂና ልጁን ሦስት አራት ወር አቆዪው እልሽ ነበር። የሠርጉ ዘመዶች «ምነው እስካሁን?» ማለታቸው አይቀርም። ይበሉ። ይህ የሁለታችሁ ጉዳይ ነው።

እንሄዳለን ካላችሁ ለሁለታችሁም የምመርጠው መከላከያ አቶቫኮንና ፕሮጓኒል የተቀላቀሉበት ክኒን ነው፤ ብዙ ሰው በማላሮን ስሙ ያውቀዋል። ወባ ያለበት ቦታ ከመግባታችሁ ከ1 ወይም ከ2 ቀን በፊት ትጀምራላችሁ፤ በየቀኑ አንድ ትወስዳላችሁ፤ ከወጣችሁ በኋላ 7 ቀን ትቀጥላላችሁ። ለ12 ቀን ቆይታ ለእያንዳንዳችሁ 21 ፍሬ ይበቃል። የሚወሰደው ከምግብ ጋር ነው፤ ቅባት ያለው ሲሆን በደንብ ይሠራል። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ አቮካዶ ወይም ለውዝ አብራችሁ ብሉ። በየፋርማሲው ላይገኝ ስለሚችል ከአሁኑ ፈልጉ። ዶክሲሳይክሊንም ይቻላል፤ ግን ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፣ ከተመለሳችሁ በኋላም 4 ሳምንት ይቀጥላል። ሜፍሎኩዊን ዳይቪንግ ለሚማር ሰው አልመርጥም፤ የሚያመጣው ማዞር ከጠላቂ ሕመም (ጠልቆ ሲወጣ ሰውነት ውስጥ በሚፈጠር የአየር አረፋ ከሚመጣው ሕመም) ጋር ይምታታል። የኩላሊት ችግር ካለባችሁ ወይም ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ የሚያዝላችሁ ሐኪም ይወቅ።

ክኒኑ ብቻውን አይበቃም። የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ የዴንጊና የዚካዋ ደግሞ ቀን። ስለዚህ ሙሉ ቀን ነው የምትጠነቀቁት። ዲት የሚባለው ንጥረ ነገር ያለበት ቅባት ወይም ስፕሬይ ያዙ። መጀመሪያ የፀሐይ መከላከያውን፣ ከዚያ ዲቱን ተቀቡ። ቆዳችን ጥቁር ነው ብላችሁ ፀሐዩን አትናቁት፤ የምድር ወገብ ላይ፣ ውኃ ላይ፣ እኛም እንቃጠላለን። ማረፊያችሁ አጎበር ይኖረው ይሆናል፤ የራሳችሁን ብትይዙ ግን በቀዳዳ የገባ ትንኝ ስታባርሩ አታድሩም። አንቺ አስም ስላለብሽ አንድ ነገር ላስታውስሽ። የትንኝ ማባረሪያ ተብሎ የሚለኮሰው ጥቅል ጭሱ አስምሽን ሊያስነሳው ይችላል። ክፍላችሁ ውስጥ እንዳይለኩሱት ንገሪያቸው።

ቬንቶሊንሽን ሁለት ያዢ። አንዱ በእጅ ቦርሳሽ፣ ሌላው በእሱ ዘንድ ይሁን። ይህን የምለው ርቀቱን አስቤ ነው። ከጃካርታ ወደ ሶሮንግ ከተማ ትበራላችሁ፤ ከሶሮንግ ዋይሳይ ድረስ በጀልባ 2 ሰዓት ያህል ነው፤ ከዋይሳይ ወደ ማረፊያችሁ ደግሞ ሌላ ትንሽ ጀልባ። ዋይሳይ ሆስፒታል አለ፤ ለከበደ ነገር ግን ወደ ሶሮንግ ወይም ከዚያም አልፎ መሄድ ይመጣል። ባሕሩ ተናውጦ ጀልባ ካልወጣስ? አዲስ አበባ ቤትሽ አጠገብ ፋርማሲ አለ። እዚያ ፋርማሲሽ ሻንጣሽ ነው። የሁልጊዜ መድኃኒታችሁን ከሚያስፈልገው ሳምንት አስበልጣችሁ ያዙ። ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውኃ የሚበጠበጠው ዱቄት)፣ ፓራሲታሞል፣ የቁስል ማጠቢያ፣ ፋሻ ጨምሩ። የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገዙ ሁለት ነገር ጠይቁ። ሕመምተኛን ከሩቅ ቦታ አንስቶ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ማድረሱን ይሸፍናል ወይ? ዳይቪንግንስ?

ስለ ዳይቪንጉ፦ አንቺ አስምሽ ሳይመረመር አትጥለቂ። ሳንባ ውስጥ አየር ከታሰረ ወደ ላይ ስትወጪ ሊጎዳሽ ይችላል። በመነጽርና በቱቦ ከላይ ሆነሽ ማየት ግን አስምሽ ከተረጋጋ ምንም አይደል፤ ኮራሉ ከላይም ያምራል። ዋና የማትችሉ ከሆነ፣ ብዙዎቻችን አንችልም፣ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ሳትለብሱ ውኃ ውስጥም ጀልባ ላይም አትግቡ። እሱ ደግሞ ከመመዝገቡ በፊት የሚያስተምሩትን ሰዎች ይጠይቅ። የጠላቂ ሕመም ቢይዘኝ ይህ ሕመም የሚታከምበት የግፊት ክፍል ያለው የትኛው ሆስፒታል ነው፣ አሁን ይሠራል ወይ? መልሱን ካላወቁ ሌላ ቦታ ይማር። ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቀ በኋላ አውሮፕላን ሳይሳፈር ሙሉ 24 ሰዓት ይቆይ። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ከፍ ያለ ተራራ ላይ እንዳለው የሳሳ ነው። እናንተ ደግሞ የምትወርዱት ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ላይ ነው፤ ለሰውነቱ ከፍታው ቦሌ ሲደርስም አያልቅም።

ኮራል እግር ይቆርጣል። ትንሽ ጭረት ናት ብላችሁ አትተዉት፤ በንጹሕ ውኃና በሳሙና በደንብ እጠቡት፤ የቀረ ስብርባሪ ካለ አውጡት። ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ትኩሳት ካመጣ ሐኪም ይየው። የቴታነስ ክትባታችሁ 10 ዓመት ካለፈው አሁን አሳድሱ። የታይፎይድና የጉበት ክትባቶችን ጉዳይ ለቢጫ ካርዱ ስትሄዱ አብራችሁ ጠይቁ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ደግሞ አንድ ነገር። የቫይቫክስ ወባ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል፤ የምትወስዱት ክኒን ይህን የተኛውን አይገድልም። ስለዚህ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አታሳድሩት። በዚያው ቀን የደም ምርመራ አድርጉ። አዲስ አበባ ውስጥ ለምትኖር ሴት ሐኪሙ ወባን ላያስብ ይችላልና፣ ክፍሉ ስትገቢ ሌላ ምንም ከማለትሽ በፊት «ጥር ላይ ራጃ አምፓት ነበርኩ፣ ወባ ያለበት ቦታ ነው» በዪው።