እህቴ ከአሜሪካ በሻንጣ ልታመጣልኝ ነው

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚያወሩት ስለ አንድ ዕቃ ነው፤ ስለ ፓወር ስቴሽን። ለማያውቁት፣ ፓወር ባንክ ጎርምሶ እጀታ ሲያወጣ ማለት ነው። ውስጡ ትልቅ ባትሪ አለ። የባትሪውን ኃይል እንደ ቤት መብራት አድርጎ የሚያወጣ ኢንቨርተርም አብሮት አለ። ጭስ የለውም፣ ነዳጅ አይጠጣም፣ እንደ ጄኔሬተር ጎረቤት አይቀሰቅስም። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ፍሪጅ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ነገሩን ሁሉ የማየው በፍሪጅ በኩል ነው፤ ቻሉኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሽምብጥ ነው። ጣና ዳር ተቀምጠን፣ እነ ጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ አጠገባችን እያሉ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሻማ ፍለጋ መሯሯጥ ሰልችቶኛል። እናቴ ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊኗ ያለው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ልጄ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። አሜሪካ ያለችው እህቴ ለጥምቀት ስትመጣ 1024 ዋት ሰዓት የሚል ፓወር ስቴሽን በሻንጣዋ ልታመጣልኝ ነው። እስከ 1800 ዋት ያወጣል ይላል። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ምጣድ ይችላል? ቡናስ ያፈላልኛል?
የሽምብጧ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ለእህትዎ ይደውሉ። ካልገዛች እንዳትገዛ። ከገዛችም ሻንጣ ውስጥ እንዳትከተው።

አንደኛው ምክንያት አውሮፕላኑ ነው። መንገደኛ ያለ ጥያቄ ይዞ የሚገባው የሊቲየም ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። ከ100 እስከ 160 ያለው በአየር መንገዱ ፈቃድ ነው። ከ160 በላይ በእጅም በሻንጣም አይገባም። የእርስዎ 1024 ነው። ሻንጣው ይከፈታል፣ ዕቃው እዚያው ይቀራል።

ሁለተኛው ይብሳል። የአሜሪካ ቤት መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። እዚያ የሚሸጠው ፓወር ስቴሽን የሚያወጣው 120 ነው። ብዙ ጊዜ ቻርጅ የሚደረገውም በዚያው በ120 ነው። የእርስዎ ፍሪጅ ደግሞ በ120 አይነሳም። ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ ከቆየም ኮምፕረሰሩ ይቃጠላል።

ይህን ያወቅሁት በኪሴ ነው። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ያለ ሳጥን ከአሜሪካ አስመጥቶ “ቻርጅ አርግልኝ” ብሎ ሱቄ ትቶት ሄደ። ቅዳሜ ማታ ነበር፤ ልዘጋ እየተጣደፍኩ ነው። ሳጥኑ ሥር የተለጠፈችውን ጽሑፍ ሳላነብ፣ በአዳፕተር አድርጌ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። ጧ! ከዚያ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ሰርኪዩት ጣና ዳር ፀሐይ ላይ የዋለ ዓሣ ነው የሚሸተው፤ የዚህ አገር ልጅ አይስተውም። ሰውን “መጀመሪያ አንብቡ” እያልኩ የኖርኩት እኔ የዕቃውን ዋጋ ከፈልኩ። ዛሬም ቤት ውስጥ አዲስ ነገር በገባ ቁጥር ባለቤቴ “አንብበኸዋል?” ትለኛለች።

ስለዚህ ጽሑፉ ላይ ሁለት ነገር ይፈልጉ። መግቢያው ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ እዚህ ቻርጅ ይሆናል። ከ100 እስከ 120 ካለ አይሰኩት። መውጫው 220 ወይም 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ መሆን አለበት። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት እንዲህ ናቸው፤ ለዱባይ የተሠሩትም እንደዚያው። ባለ 120ው ቀድሞ እጅዎ ከገባም አይጣልም። በሶላር ይሞላል፣ ወይም ከ220 ወደ 110 በሚቀንስ በቂ አቅም ባለው ትራንስፎርመር። ስልክና ላፕቶፕ ቻርጅ ያደርጋል፤ ቻርጀሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ቮልት ይችላሉ። ፍሪጁን ግን ይርሱት።

እሺ፣ ትክክለኛው ተገዝቶ ቤት ገባ እንበል። 1024 እና 1800 ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶን ያስቡ። 1024 ዋት ሰዓት ሮቶው የያዘው ውኃ ነው። 1800 ዋት ደግሞ የቧንቧው ውፍረት ነው። ቧንቧው የቱንም ያህል ቢወፍር ሮቶው አይጨምርም፤ ቶሎ ያልቃል እንጂ። በዚያ ላይ ኢንቨርተሩ ራሱ ይበላል። ከ1024ቱ እጅዎ የሚገባው 870 ገደማ ነው።

መብራት ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሄደ። ሦስት ባለ 9 ዋት አምፖል እስከ 5 ሰዓት ቢበራ 135 ዋት ሰዓት ይሆናል። ዋይፋዩ 50። ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ለሦስት ሰዓት 150 (የልጅቱ ፈተና ከደረሰ ይህቺን ይቀንሷት)። ሁለት ስልክ 40። ድምሩ 375 ነው። 495 ተረፈ። መካከለኛ ፍሪጅ ሲሠራ 120 ዋት ገደማ ይስባል፤ ግን ሌሊቱን ሁሉ አይሠራም፣ ይነሳል፣ ያርፋል። በአማካይ 45 ዋት ቢይዙለት በተረፈው ኃይል 11 ሰዓት ያህል ያድራል። ሊነጋ ይቃረባል ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ይወቁ፦ ፍሪጅ ሲነሳ ለአፍታ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይጎትታል። ባለ 300 ዋት ትንሽ ሳጥን እዚያች ላይ ነው እጅ የሚሰጠው። የእርስዎ 1800ው ይችለዋል።

ምጣድ? የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ነው። ሳጥኑ ጢጥ ብሎ ራሱን ያጠፋል። ቢችል ኖሮ እንኳ በ870 ዋት ሰዓት የሚሠራው ለሩብ ሰዓት ነው። በሩብ ሰዓት ምጣድ አስሶ ይግል እንደሆነ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ።

ቡናውን ሳስበው ሳቅኩ፤ እኔም ሞክሬዋለሁና። አንዲት ባለ 1000 ዋት ስቶቭ ላይ ጀበና ጣድኩ። አቦል ወረደ። ቶና ላይ የሳጥኑን ቁጥር አየሁት፣ ከግማሽ በታች ነው። በረካ ላይ ሳጥኑ ሊያልቅ ደረሰ። አርባ ደቂቃ ለማይሞላ ቡና ለሌሊቱ የሚበቃ ኃይል ሄደ። የሚያሞቅ፣ የሚያፈላ፣ የሚጠብስ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፤ ካውያና የፀጉር ማድረቂያም ጭምር። ቡናውን በከሰል ያፍሉት፣ በር ከፍተው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል።

አሁን ስለ ኢንሱሊኑ፤ ለእናትዎ ስል ረጋ ብዬ ልንገርዎ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። የተከፈተውና በየቀኑ የሚወስዱት ግን አብዛኛው ዓይነት እስከ 4 ሳምንት ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል፤ ሙቀቱ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ካላለፈ። የትኛው እንደሆነ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ፋርማሲም ይጠይቁ። ፍሪጅ ደግሞ በሩ ካልተከፈተ ያለ መብራት 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር አይደንግጡ፤ ልጆቹን ብቻ “በሩን እንዳትከፍቱ” ይበሉ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ግን የባሕር ዳር ከሰዓት 30 ዲግሪ ይደርሳል፤ አንዳንዴም ያልፋል። ያኔ መብራት ከቆየ ሳጥኑን መጀመሪያ ለፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑን በመጨረሻ። ሳጥኑም ካለቀ መድኃኒቱን ውኃ በማያስገባ ዕቃ አድርገው እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለች ገንቦ ውስጥ ጥላ ላይ ያኑሩት። ሸክላ ውኃ እያተነነ ይቀዘቅዛል። በረዶ ቤት ውስጥ ግን በፍጹም አይክተቱት፤ አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ይጣላል።

ስለ ጢስ ዓባይ ያሉት ነገር እኔንም ያስቆጨኛል። የመጀመሪያው ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚሁ ከጣና ውኃ የሚወስደው የበለስ ማመንጫ ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 460 ሜጋ ዋት ተብሎ ነው። ግን ኃይል ማመንጨት አንድ ሥራ፣ እርስዎ ቆጣሪ ድረስ ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። በሰኔ ማዕበል አንድ የዋርካ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ከወደቀ ማመንጫው ምን ያደርጋል?

እኔ ሱቅ የሚመጣው ፍሪጅ አብዛኛው የተበላሸው መብራት ሲሄድ አይደለም፤ ሲመለስ ነው። ዘሎ ይመጣል፣ ሄድ መለስ ይላል። መብራት ሲሄድ የፍሪጁን ገመድ ይንቀሉ። ሲመለስ አምስት ደቂቃ ጠብቀው ይስኩ።

የባትሪውን ዓይነት ሳይጠይቁ አይግዙ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ቢሞላና ቢያልቅ ይችላል፣ ሙቀትም ይችላል። ባዶውን ቁም ሳጥን ውስጥ አይርሱት፤ በየሦስት ወሩ ያውጡና ይሙሉት። ቆርቆሮ ግድግዳ ሥር አያስቀምጡት። ሌላው የሐይቅ ዳር ጣጣ ነው፦ ማታ መብራት ያየ ትንኝ ሁሉ አየር ማስወጫው ውስጥ ይገባል። በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉለት።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። 24 ዓመቴ ነው፣ ዘጌ ነው ያለሁት፣ እንግዶችን ገዳማት አስጎበኛለሁ። 500 ዋት ሰዓት ሳጥንና ባለ 100 ዋት ሶላር ልገዛ ነው። በስንት ጊዜ ይሞላል? ጀልባ ላይስ ይዤው ብሄድ?
የዘጌው አስጎብኚ

መልስ፦ ዕድሜህን ስለጻፍክ አንተ ልበልህ። ባለ 100 ዋት ሶላር በጥሩ ፀሐይ በእጅህ የሚያስገባልህ 70 ዋት ቢሆን ነው። ስለዚህ ባዶው ሳጥን ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ይፈልጋል። በበጋ ቀኑን ሙሉ ወይም ቀን ተኩል በለው። በሐምሌና ነሐሴ ደመና አልቆጥርልህም።

የአንተ ችግር ግን ሌላ ነው። ዘጌ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ነው የሚበቅለው። ለቡና ጥሩ ነው፣ ለሶላር ጠላት ነው። የአንዲት ቅርንጫፍ ጥላ ሶላሩ ላይ ብታርፍ ጉልበቱ በግማሽም ከዚያም በላይ ሊወርድ ይችላል። ጣሪያህ ጥላ ውስጥ ከሆነ አትስቀለው። ተጣጣፊውን ዓይነት ግዛና ጀልባ ማቆሚያው ጋ ገላጣ ቦታ ላይ ዘርጋው። ረጅም ገመድ ይኑርህ፤ ሶላሩ ፀሐይ ላይ፣ ሳጥኑ ጥላ ውስጥ። ሁለቱን አብረው ፀሐይ ላይ የሚያሰጡ ሰዎች አይቻለሁ፤ ሳጥኑ ይግልና መሙላቱን ያቆማል።

ጀልባ ላይ አልመክርህም። አብዛኞቹ ሳጥኖች ውኃ አይችሉም። ከሰዓት በኋላ ጣና ሲነሳ ደግሞ ታውቀዋለህ። ለእንግዳ ስልክ ከሆነ ባለ 20,000 ሚሊአምፒር ፓወር ባንክ ይበቃሃል፤ ኪስ ይገባል።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪሺያን ጓደኛዬ ሁለቱም ጫፉ ወንዴ ሶኬት የሆነ ገመድ ሠራልኝ። አንዱን ፓወር ስቴሽኑ ላይ፣ አንዱን ግድግዳው ላይ ስሰካ ቤቱ በሙሉ ይበራል አለ። ጥሩ አይደለም?
ከድብ አንበሳ

መልስ፦ አይደለም። ሰካኸው እንበል፤ ሌላኛው ጫፍ ገና እጅህ ላይ ነው። ያ ባዶ ብረት 220 ቮልት ይዟል፤ ልጅህ ቢነካውስ? ዋናውን ብሬከር ማጥፋት ከረሳህ ደግሞ ኃይሉ በቆጣሪህ አልፎ ወደ ሰፈሩ መስመር ይወጣል። መንገድ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ወደ ላይ ሲልከው በሺዎች ቮልት ያደርገዋል። ምሰሶ ላይ የወጣው የመስመር ሠራተኛ መስመሩ ሙት ነው ብሎ ነው የሚይዘው። አብዛኛው ሳጥን ቶሎ ራሱን ያጠፋ ይሆናል፤ በ“ይሆናል” ላይ የሰው ነፍስ አይሰቀልም። ቤቱን በሙሉ ማብራት ከፈለግህ ዋናውን መስመርና ሳጥኑን በፍጹም የማያገናኝ መቀያየሪያ ማብሪያ በባለሙያ አስገባ። እስከዚያው ከሳጥኑ በማከፋፈያ ጎትተህ አምፖልህን አብራ። ያንን ገመድ ደግሞ ጓደኛህ ቢቀየምም ዛሬውኑ መሀሉን ቁረጠው።