ጉዳቱን ካርዱ ውስጥ ፈልጉት

እህቴ፣ «በስድስት ወር ውስጥ ለጥራት ክፍላችን የደረሰው የጉዳት ሪፖርት ሦስት ብቻ ነው፤ ሆስፒታላችን ደህና ነው ማለት ይቻላል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ጅማ ውስጥ በነርስነት፣ በኋላም በጥራት ክፍል ሠርቻለሁ፤ አይቻልም። ሦስት ሪፖርት የሚነግርሽ ስንት ሰው ለመናገር እንደደፈረ ብቻ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት እንኳን፣ የተለመዱት የሪፖርት መንገዶች ከደረሰው ጉዳት 90 በመቶውን ስተውት ተገኝተዋል።

እኛም መጀመሪያ የሪፖርት ሳጥን ሰቅለን ነበር፤ አቧራ ጠጣ። ከዚያ ወደ ካርድ ክፍል ሄድን። በየሁለት ሳምንቱ ከሆስፒታል የወጡ ታካሚዎችን 10 ካርዶች በዕጣ እናወጣለን። ሁለት ነርሶች ለየብቻ ያነባሉ፤ ለአንድ ካርድ ከ20 ደቂቃ በላይ አይፈቀድም። ያገኙትን ሐኪም ያጸድቃል። ካርዱን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አያስፈልግም፤ የሚፈለገው ምልክት ነው፦ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና፣ የአልጋ ቁስል፣ ያልታሰበ ደም መስጠት፣ 40 በመቶ ግሉኮስ (የደም ስኳሩ በጣም ለወረደ ታካሚ የሚሰጥ)።

ግሉኮሱን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ከገጠር የመጣች አንዲት የስኳር ሕመምተኛ ካርድ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ኢንሱሊን መሰጠቱ ተጽፏል። ዝቅ ብሎ፣ በሌላ እጅ ጽሑፍ፣ «2 ሰዓት፦ ላብ አጥምቋታል፣ ስኳር 38፣ 40 በመቶ ግሉኮስ ተሰጠ» ይላል። በሌሎች ሁለት ካርዶችም ሰዓቱ ያው ነበር። ቁርስ የሚመጣው ለካ 2 ሰዓት ተኩል ነው! ታካሚዎቹ ስለነቁ ማንም እንደ ጉዳት አልቆጠረውም። የማንንም ስም ሳንጠራ፣ ኢንሱሊኑ ቁርሱ አልጋው አጠገብ ሲደርስ እንዲሰጥ አደረግን። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ስንት ጠዋት እንዲሁ አልፏል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ስሕተትን ሳይሆን ታካሚው ላይ የደረሰውን ጉዳት ቁጠሩ። አሥሩ ታካሚዎች በድምሩ 80 ቀን ተኝተው 4 ጉዳት ከተገኘ፣ በ1000 የመኝታ ቀን 50 ማለት ነው። ቁጥሩን በየወሩ በመስመር ሳሉት፤ ናሙናው ትንሽ ስለሆነ በአንድ ወር ከፍታ አትደንግጡ። ከሌላ ሆስፒታል ጋርም አታወዳድሩት፤ የካርድ አጻጻፉ ይለያያል።

አንድ ነገር ግን ለሥራ አስኪያጁ ከወዲሁ ንገሪው፦ ነርሶቹ ካርዱ እንደሚነበብ አውቀው በደንብ መጻፍ ሲጀምሩ ቁጥሩ ይጨምራል። የእኛም ጨምሯል። ያኔ የሚቀጣ ሰው ከተፈለገ ካርዱም እንደ ሳጥኑ ባዶ ይሆናል።