ስለ አዲል ኢማም ለጠየቃችሁኝ

የዓረብ ጣቢያዎች በዒድ ሰሞን የድሮ ትያትር በደገሙ ቁጥር የእናንተም ጥያቄ ይበረክታል። የዘንድሮዎቹ አብዛኞቹ ስለ አንድ ግብጻዊ የኮሜዲ ተዋናይ ናቸው፤ ስለ አዲል ኢማም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ አዲል ኢማም የጀመረው በፊልም ነው በመድረክ? (ከሪያድ)

በመድረክ ነው። ካይሮ ዩኒቨርሲቲ የገባው ግብርና ሊማር ነበር፤ ልቡን የወሰደው ግን ትያትር ነው። በ1963 «እኔ፣ እሱና እሷ» በተባለው ኮሜዲ የጠበቃ ጸሐፊ ሆኖ ከታዋቂዎቹ ተዋንያን ከፉአድ አል-ሙሃንዲስና ከሹዌይካር ጋር ተጫወተ። መድረኩን ለብቻው የያዘው በ1976 «ምንም ያላየው ምስክር» ላይ ነው፤ የሕፃናት ፕሮግራም የሚሠራ አንድ የዋህ ሰው ለምስክርነት ተጠርቶ ችሎቱን ያተራምሰዋል። ለእኔ የኋላ ፊልሞቹ ከዚህ የበቀሉ ናቸው፤ ባለሥልጣን ፊት እየፈራም አፉን የማይዘጋ ተራ ሰው።

ጥያቄ፦ «የረባሾች ትምህርት ቤት» ላይ አሕመድ ዘኪ አለ ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው። አዲል ኢማም ከረባሾቹ ተማሪዎች አንዱ ሆኖ በተጫወተበት በዚያ ትያትር ምስኪኑ ተማሪ ተዋናዩ አሕመድ ዘኪ ነው። በኋላ የግብጽ ፕሬዚዳንቶቹን ናስርንም ሳዳትንም በፊልም ሆኖ የተጫወተው ያው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ፊልሙን ብቻ ልይ ብል የትኛውን ልምረጥ? (ከአዲስ አበባ)

«ሽብርና ከባብ» (1992)፤ ድርሰቱ የዋሂድ ሐመድ፣ ዝግጅቱ የሸሪፍ ዓረፋ ነው። አንድ አባት የልጁን ትምህርት ቤት ለማዛወር ታህሪር አደባባይ ላይ ወዳለው ሙጋማ፣ ወደ ግዙፉ የመንግሥት ሕንፃ ይመላለሳል። ጉዳዩን መጨረስ ያለበት ሠራተኛ ሁልጊዜ ሶላት ላይ ነው። ግብግብ ይነሳና ጠመንጃ እጁ ይገባል፤ ሳያስበው «አሸባሪ» ሆኖ ቁጭ! ፖሊስ ከቦ «ምን ትፈልጋለህ?» ሲለው የሚጠይቀው ያጣል፤ ታጋቾቹም ተመካክረው ከባብ ያዛሉ። «ነገ ተመለስ» የተባለ ሁሉ ይህን ፊልም ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ቀልዱን ጠግበው ቁም ነገሩን ከፈለጉ ደግሞ «የያዕቆቢያን ሕንፃ» (2006) አለ።

ጥያቄ፦ በሃይማኖት ጉዳይ ታስሯል?

አልታሰረም። በ2012 እስልምናን በፊልምና በትያትር ሰድበሃል ተብሎ በሌለበት ሦስት ወር ተፈረደበት፤ በዚያው ዓመት ይግባኙ ነጻ አወጣው። ጠቡ ግን የቆየ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ አክራሪዎች በላይኛው ግብጽ በአስዩት ከተማ አካባቢ ትያትረኞችን ሲያጠቁ ቡድኑን ይዞ እዚያው ሄዶ ተጫውቷል። ፖለቲካውን የማይወዱለት ብዙ ናቸው፤ ለመንግሥት ያደላል የሚሉትም ያለ ምክንያት አይደለም። ያን ቀን ግን ወኔ አልጎደለውም።

ጥያቄ፦ አሁንም ይሠራል?

የመጨረሻ ተከታታይ ድራማው የ2020ው የረመዳን «ቫለንቲኖ» ነው፤ ያዘጋጀው ልጁ ራሚ ኢማም ነው። ሌላው ልጁ መሐመድ ተዋናይ ሆኗል፤ ሳቁ ራሱ የአባቱ ነው።