ዱባይ ለሥራ ወጪ የትኛው ክሬዲት ካርድ ይሻላል?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በግብርና ተመርቀሽ እዚያው ጅማ በቡና ቅምሻ ሠርተሻል። አሁን ዱባይ ያለ የቡና ነጋዴ በወር 9,000 ድርሃም ሊቀጥርሽ ነው። የጉዞ ወጪውን በራስሽ ካርድ ከፍለሽ በደረሰኝ ታወራርጃለሽ ተብለሻል። «በየግዢው የሽልማት ነጥብ የሚሰጠውን ካርድ ልውሰድ ወይስ ዓመታዊ ክፍያ የሌለውን?» ትያለሽ።

እህቴ፣ ውሉን ሳትፈርሚ መጀመሪያ ለሰው ኃይል ክፍሉ ጻፊ፦ በድርጅቱ ስም የወጣ ካርድ ይሰጠኛል? ካልሆነስ የጉዞ ቅድሚያ ክፍያ አለ? ስንት ቀን ውስጥስ ይወራረድልኛል? መጠየቁ አያስነውርም። በግል ካርድሽ የተከፈለ ሆቴል የአንቺ ዕዳ ነው፤ ሒሳብ ክፍሉ ቢዘገይ ባንኩ የሚደውለው ላንቺ ነው።

የግል ካርድ ግድ ከሆነ፣ ከነጥቡ በፊት ሁለት ቀኖችን እይ፦ ባንኩ የወሩን ሒሳብ የሚዘጋበትንና የመክፈያውን የመጨረሻ ቀን። በመካከላቸው ብዙውን ጊዜ 25 ቀን ገደማ አለ። ሒሳቡ ወር በገባ በ5 የሚዘጋ፣ መክፈያውም በ30 ነው እንበል። በ4 የከፈልሽው ሆቴል 26 ቀን ብቻ ያገኛል፤ በ6 የከፈልሽው ግን 54 ቀን ገደማ። ድርጅቱ በ40 ቀን የሚያወራርድ ከሆነ የመጀመሪያው ከኪስሽ ይወጣል፣ ሁለተኛው አይነካሽም። ስለዚህ ትልልቁን ክፍያ ሒሳቡ በተዘጋ ማግስት ፈጽሚ። መዝጊያ ቀኑን ሲጠየቁ የሚቀይሩ ባንኮችም አሉ።

ባንኩ በየወሩ በሚልክልሽ መግለጫ ላይ «ዝቅተኛ ክፍያ» (በዚያ ወር ቢያንስ መክፈል ያለብሽ) የሚለው መስመር ብዙ ሰው ያሳስታል። ዕዳሽ 8,000 ድርሃም፣ ዝቅተኛው 5 በመቶ፣ ወለዱ በወር 3 በመቶ ቢሆን፣ ከምትከፍዪው 400 ድርሃም 240ውን ወለድ ይበላዋል። ሙሉውን ካልከፈልሽ ደግሞ ወለዱ በአብዛኛው ግዢው ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል። ድርጅት የሆቴሉን ዋጋ ይመልሳል እንጂ ወለድ አይመልስም።

ቀጥሎ የውጭ ምንዛሪ ክፍያ። ብዙ ካርዶች ከድርሃም ውጭ በሚደረግ ግዢ ላይ ከ2 እስከ 3 በመቶ ይጨምራሉ። ሃምቡርግ ላይ 4,000 ድርሃም የሚያወጣ ሆቴል በ2.5 በመቶ 100 ድርሃም ይጨምርብሻል፤ ነጥቡ ይህን እምብዛም አይተካም። እኔ ብሆን ይህ ክፍያ የሌለበትን ካርድ አስቀድማለሁ። የክፍያ ማሽኑ «በድርሃም ልቁረጥ?» ካለሽ ዩሮውን ምረጪ፤ ድርሃሙን ከመረጥሽ የምንዛሪ ተመኑን የሚወስነው ነጋዴው ነው። ስታወራርጂም ከደረሰኙ ጋር የባንኩን መግለጫ አያይዢ፤ ያለዚያ ልዩነቱን አንቺ ትሸከሚያለሽ።

ሆቴልና የመኪና ኪራይ ለመያዣ ገንዘብ ያግዳሉ፤ ከወጣሽም በኋላ እስኪለቀቅ ቀናት ይፈጃል። ከራስሽ ሒሳብ በሚቆርጠው በዴቢት ካርድ ከሆነ የሚታገደው የቤት ኪራይ ገንዘብሽ ነው። የብድር ጣሪያሽ ለአንድ ጉዞ ወጪ ብቻ ሳይሆን ለመያዣውም ይብቃ።

ቡና ለማየት ወደ ጅማ ስትመለሺ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። አጋሮ ወይም ጌራ ያለ ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ካርድ ይዞ መቆም ዋጋ የለውም። ከኤቲኤም በክሬዲት ካርድ ብር ብታወጪ የማውጫ ክፍያ አለ፣ ወለዱም ያለ እፎይታ ከዚያው ቀን ይጀምራል። ለእንዲህ ያለው ጉዞ ውሎ አበልሽን በቅድሚያ ጠይቂ።

ካርዱን ለማግኘት የኤምሬትስ መታወቂያ፣ ፓስፖርትና የደመወዝ ማረጋገጫ ይጠየቃል። ስምሽ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ የአያት ስም ጎድሎ ሆቴል ላይ መከራከር አድካሚ ነው። አዲስ የመጣ ሰው እዚያ የብድር ታሪክ ስለሌለው ለመጀመሪያዎቹ ወራት ካርድ ላይሰጥሽ ይችላል፤ ተቀማጭ አስይዞ የሚወጣ ካርድ መኖሩን ጠይቂ።

ደረሰኝሽ በድርጅቱ ስም ይቆረጥ። ኤምሬትስ ውስጥ ከ2018 ጀምሮ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ ድርጅቱ የሚያስመልሰው በትክክለኛ የታክስ ደረሰኝ ነው። የማሽን ወረቀት ቶሎ ስለሚደበዝዝ በዕለቱ ፎቶ አንሺው።

ሥራ ስትለቂ ቪዛሽ ከመሰረዙ በፊት ካርዱን ዝጊና ከዕዳ ነጻ መሆንሽን የሚገልጽ ደብዳቤ ተቀበዪ። በመቀስ መቁረጥ መዝጋት አይደለም፤ ካልተከፈለ ባንኩ የመጨረሻ ሒሳብሽን ሊይዝ፣ በፍርድ ቤትም የጉዞ እገዳ ሊጠይቅ ይችላል።